የጥድ አምባ መንገድ መሪ

ጡረተኛው የታሪክ መምህር አትናቴዎስ ወዳጆ ሞተው የተገኙት በመሐል ሜዳ ዳርቻ ባለው ቤታቸው፣ ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። በሥራ ክፍላቸው፣ በትንሿ የሽቦ አልጋ ላይ፣ ጋቢያቸውን እስከ ትከሻቸው ስበው በቀኝ ጎናቸው ተኝተዋል። ላያቸው ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ። ከራስጌያቸው የከሰል ማንደጃ አለ፤ ከሰሉ ነዶ አመድ ሆኗል። የመጣው ሐኪም ከንፈራቸውንና ጥፍራቸውን አየና «የከሰል ጢስ ነው» አለ። በመንዝ ብርድ ማንደጃ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ ተኝቶ የቀረ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው አይደሉም። ጠረጴዛው ባይኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ጠረጴዛው የክፍሉን እኩሌታ ይዟል። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ የሠሩት አንድ ሙሉ አገር በላዩ ላይ አለ። ተራራው ከአሸዋና ከሙጫ የተገነባ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በጓሳ ሣር ተከድኗል። ከግርጌው መድፍና መትረየስ የያዘ የጣልያን ጦር ተሰልፏል፤ ከአናቱ ላይ ደግሞ ስልሳ አንድ አርበኞች ቆመዋል። ከወይራ እንጨት የተቀረጹ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ በቀጭን ብሩሽ የተቀቡ ናቸው። ስልሳ አንዱም በጥድ አምባ ውጊያ የሞቱ ሰዎች ናቸውና እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፊት አላቸው፤ ስማቸውም ከእግራቸው ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የሟቾቹ ዘመዶች፣ ፎቶግራፍ ያለው ፎቶግራፍ ይዞ፣ የሌለው ደግሞ «አፍንጫው የእኔን ይመስል ነበር ይላሉ» እያለ መጥቶ ነው ያሣላቸው።

በየቅዳሜው መምህሩና ሦስት ወዳጆቻቸው በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ውጊያውን እንደገና ይዋጉት ነበር። እንደ ሉዶ ነጥብ ያለው ጠጠር እየጣሉ፣ በወጣው ቁጥር ልክ ጦሩን እያንቀሳቀሱ፣ ያንን ቀን ይደግሙታል።

የከተማው ፖሊስ ሳጅን ዳኜ አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል ሲገባ ዐይኑ ያረፈው እነዚያ ትናንሽ ሰዎች ላይ ነው። ከአምባው ላይ ቁልቁል ጠላትን ማየታቸውን ትተው፣ ስልሳ አንዱም፣ አንድ ሳይቀር፣ ፊታቸውን ወደ አልጋው አዙረዋል። ዳኜ ወደ ኋላ ተመልሶ ወጣ። አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ በሩን አሽጎ ደብረ ብርሃን ደወለ።

ኢንስፔክተር ይመኙሻል በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ ጉሙ ገና ከከተማው ላይ አልተነሣም ነበር። አምሳ ዓመት የሞላት፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያወራላት ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት።

«ሰዉ ምን ይላል?» አለች እሽጉን ስትቆርጥ።

«ሙታኑ መጥተው ወሰዷቸው ይላል።»

«አንተስ?»

ዳኜ አንገቱን ደፋ። «እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው መቆም አልቻልኩም።»

ይመኙሻል አልሳቀችበትም። ገብታ ጠረጴዛውን ቀስ ብላ ዞረችው። በጉሙ ብርሃን ትንንሾቹ ዐይኖች እርጥብ ይመስላሉ፤ ባዶውን አልጋ ትኩር ብለው ያያሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች። ተዘግቷል፤ ክፍተቱም በነጭ የበግ ፀጉር ጥርቅም ተደርጎ ተወትፏል። ፀጉሩን ስባ አወጣችው። ጫፉ ላይ የደረቀ ሙጫ አለበት። ተመልሳ የጣልያኖቹን መድፎች አየች፤ ከየአፈሙዙ ላይ ተመሳሳይ ሙጫና የተበጠሰ ፀጉር ቀርቷል።

«የመድፍ ጢስ ነበር» አለች። «መምህሩ ከበግ ፀጉር የሠሩት። ከዚህ ላይ ተነቅሎ ነው መስኮቱ የተወተፈበት።»

«በርዷቸው ይሆናላ።»

«ይሆናል።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ አምባው የሚወጣ ቀጭን የፍየል መንገድ አለ። በመንገዱ ላይ አንድ ቡናማ በርኖስ የለበሰ ሰው ከፊት ቀድሟል፤ የጣልያን ወታደሮች በነጠላ ሰልፍ ይከተሉታል። የሌሎቹ ቅንድብ ሳይቀር ተሥሎ ሳለ የእሱ ፊት በወፍራም ቀለም ተደፍኗል። ይመኙሻል በጣቷ ነካችው። ጣቷ ላይ ተጣበቀ። በመሐረቧ ጠርጋ ወጣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጌታነሽን ነው። ጌታነሽ የመምህሩ የሟች ባለቤት የእህት ልጅ ስትሆን ቤቱን የምትይዘው እሷ ነበረች። አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ነች፤ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

«ትናንት ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«ስድስት ተኩል። ምሳ አቅርቤላቸው፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ገበያ ሄድኩ። መድኃኒቱን ከዋጡ በኋላ ሁልጊዜ ይተኛሉ።»

«የምን መድኃኒት ነው?»

«የአስም። እኔን ያልገባኝ እኮ እሱ ነው። ማንደጃ ወደዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም። መስኮቱም ተዘግቶ አያውቅም፤ የቀለሙ ሽታ ያፍናቸዋል። ብርዱን በጋቢ ነበር የሚችሉት።»

«ማንደጃውን ማን አቀጣጠለው?»

«እኔ፤ ለወጥ። ደጅ ላይ ፍሙን እንደያዘ ትቼው ሄድኩ።»

«ስትመለሺ በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«ገጠም ብሎ ነበር እንጂ አልተቆለፈም። ባናው ጠልፎኝ ልወድቅ ነበር።»

«የቱ ባና?»

«ያ ወፍራሙ የበግ ፀጉር ምንጣፍ። ተጠቅልሎ በሩ ሥር ተጋድሞ ነበር።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

ጌታነሽ ትንሽ አሰበች። «ከውጭ። ረግጬው ቆሜ ነው በሩን የገፋሁት።»

ዳኜ ቀና ብሎ ኢንስፔክተሯን አያት። እሷ ግን ጥያቄዋን ቀጠለች።

«ጠዋት እንዴት ነበሩ?»

«ቀልሏቸው ነበር። ‹ነጩ ሰውዬ ዛሬ ፊት ይወጣለታል› አሉኝ።»

«ነጩ ሰውዬ ማነው?»

«መንገድ መሪው ነዋ! በፍየል መንገዱ ላይ ያለው። ከመስከረም ጀምሮ ነጭ መደብ ቀለም ብቻ ተቀብቶ ነው የቆመው። ፊቱን አናውቀውም ነበር።»

«ትናንት ስትገቢ አየሽው?»

«ጋሼን አየሁ እንጂ ሌላ ምን አያለሁ?» ብላ እንደገና ማልቀስ ጀመረች።

ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ዳኜ «ውስጥ የተኛ ሰው ባናውን በውጭ ጠቅልሎ በሩ ሥር ሊያጋድም አይችልም» አለ።

«አይችልም። ፍሙን ያስገባ፣ መስኮቱን የወተፈ፣ ወጥቶም በሩን የደፈነ ሌላ ሰው አለ። ከስድስት ተኩል በኋላ።»

አለቃ መርስዔ ኃዘን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ለመምህሩ ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ከቅዳሜዎቹ ተጫዋቾችም አንዱ ነበሩ።

«ይህ መንገድ መሪ የሚባለው ከየት መጣ አለቃ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ከጨዋታው። ውጊያውን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ተዋግተነዋል። አንድም ቀን ጣልያን ፊት ለፊት ወጥቶ አምባውን አልያዘም። መድፍ ጨመርንለት፤ ሰው ጨመርንለት፤ አልሆነም። አምባው የሚያዘው በፍየል መንገዱ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ የአገሩ ሰው ካልመራው ባዕድ አያገኘውም።»

«ማን መራ ይባላል?»

«ዓብዱረህማን የሚባል ነጋዴ። ከቆላ በበቅሎ ጨው ያወጣ ነበር። ከውጊያው በኋላ የአርበኞቹ አዛዥ ጥዱ ላይ ሰቀሉት። ቅዳሜ አብሮን የሚጫወተው አብዱልሀኪም የልጅ ልጁ ነው። ኃይለ ኢየሱስ ደግሞ የእኒያ አዛዥ የልጅ ልጅ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጡ መምህር ናቸው።»

«ትናንት መምህሩን አይተዋቸዋል?»

«ጠዋት ቀጭን ብሩሽ ይዤላቸው መጥቼ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ስወጣ ሰውዬው ገና ነጭ ነው። ‹ይህን ፊት ብቻዬን ነው የምሥለው፤ ይቅር ይበሉኝ አለቃ› አሉኝ።»

«በምን ዓይነት ቀለም ነበር የሚሠሩት?»

«በውኃ በሚቀጥን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይደርቃል።»

«አድሮም የሚያጣብቅ ቢሆንስ?»

«እሱ የበር ቀለም ነው፣ የዘይት። መምህር ሞተው ነው እሱን የሚነኩት» አሉና ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። «ይቅር በለኝ አምላኬ።»

አብዱልሀኪም በከተማው ሱቅ ያለው የአምሳ አምስት ዓመት ነጋዴ ነው። ለመምህሩ ቀለምና ብሩሽ ከአዲስ አበባ የሚያመጣላቸው እሱ ነበር። ሳይጠራ መጥቶ ግቢው በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ከሁሉ አስቀድመው እኔን ይፈልጉኛል ብዬ ነው የመጣሁት» አላት። «በዚህ አገር አንድ ነገር ሲጠፋ የመንገድ መሪው ልጅ ነው የሚታየው።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ሞላሌ። ዕቃ ሳራግፍ ውዬ አሥር ሰዓት አልፎ ተመለስኩ። አብረውኝ የዋሉትን ስም እሰጥዎታለሁ።» ወደ መምህሩ መስኮት አየ። «ጠዋት መምህር ደውለውልኝ ነበር። ሚያዝያ ሃያ ሰባት የአርበኞቹ ሐውልት ሲመረቅ እናትህን ይዘህ ና አሉኝ። እናቴ መዲና ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ሲሰቀል ገና በማኅፀን ነበረች። መንዝን ረግጣ አታውቅም። ለምን ላምጣት ብላቸው ‹ነጩን ሰውዬ ዐውቄዋለሁ፤ አያትህ አይደለም› አሉኝ። ማነው ስል፣ ለሁሉም እኩል እነግራለሁ አሉ።» ዐይኑ ቀላ። «ወላሂ፣ እኔ መምህርን ልገድል? የዕድሜ ልኬ ቃል አፋቸው ውስጥ ሳለ?»

ኃይለ ኢየሱስ የሐውልቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ ከመምህሩ ጋር ለብቻቸው መጣላታቸውን ጌታነሽ ነግራት ነበርና ስትጠይቀው አልካደም።

«ተጣልተናል። ምረቃው ሳምንት ሲቀረው ‹ነጩ ሰውዬ አያትህ የሰቀሉት አይደለም› ሲሉኝ ምን ልበል? አያቴ ንጹሕ ሰው ሰቀሉ ማለት እኮ ነው።»

«በማን ምስክርነት ነው የሰቀሉት?»

«አንድ ሰው መጥቶ ‹ሲመራቸው በዐይኔ አየሁ› አላቸው ይባላል። ማን እንደሆነ ሳይናገሩ ሞቱ።»

«ትናንትስ?»

«ይቅርታ ልጠይቃቸው ስምንት ሰዓት ላይ መጥቼ ነበር። እህታቸውን ወይዘሮ አስካለ ማርያምን ግቢው በር ላይ አገኘኋቸው። ተኝቷል አሉኝ፤ ተመለስኩ። መስኮቱ መዘጋቱ ገርሞኝ ነበር።»

«የሐውልቱን አጥር ምን ቀለም ቀባችሁት?»

«ቡናማ። የተረፈውን ለዚህ ግቢ በር ሰጠናቸው። ቆርቆሮው እዚያው ጓሮ ነው፤ ማንም ያገኘዋል።»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም በዚያው ግቢ፣ ከወንድማቸው ቤት ጀርባ ይኖራሉ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ለቀስተኞቹ ወጣ ሲሉላቸው ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ የአባታቸው የግራዝማች ወዳጆ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«አባቴ ከጥድ አምባ ቆስሎ የተረፈ ጀግና ነው» አሉ ዐይኗን ተከትለው። «እኛን በዚያ ስም አሳደገን።»

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ብርድ ብርድ ብሎኝ ቤቴ ነው የዋልኩት። ኃይለ ኢየሱስ ሲጣራ ነው የወጣሁ።»

«ወንድምዎ ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት መቼ ነው?»

«እሁድ ከሰንበቴ ስመለስ ሰላም ብዬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አልገባሁም። ዛሬ ደግሞ ፖሊስ አሽጎታል፣ ማን ያስገባኛል?»

«ሥራቸው ደስ ይልዎት ነበር?»

«ሙታንን መቀስቀስ ደግ አይደለም ብዬዋለሁ። ስልሳ አንዱስ ይሁኑ፤ ለአገር ሞተዋል። ያ ባለ ቡናማ በርኖስ ግን ምን ያደርግለታል? ማን ጠየቀው?»

ይመኙሻል እጃቸውን አየች። ቀኝ ጣቶቻቸው እስኪላጡ ታሽተዋል፤ ነጭ ጋዝ ይሸታሉ።

«እጅዎ ምን ሆነ?»

«መብራት ጠፍቶ ፋኖስ ስሞላ ፈሰሰብኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ ተነሣች።

ከዚያ አለቃ መርስዔ ኃዘንን ጥጥና ነጭ ጋዝ ይዘው እንዲመጡ ጠየቀቻቸው። ሁለቱ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። አለቃ ሲወጡ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በጠረጴዛው ዙሪያ ተሰበሰቡ። መስኮቱ ተከፍቶ ጉሙ በዝግታ ይገባል። የተቀመጠ የለም። ስልሳ አንዱ አሁንም ባዶውን አልጋ እያዩ ነው፤ ጌታነሽ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳለች።

«መምህር አትናቴዎስ ተገድለዋል» አለች ይመኙሻል። «ማንደጃ በማይገባበት ክፍል ማንደጃ ገብቷል። በማይዘጋ መስኮት የመድፍ ጢስ ተነቅሎ ተወትፏል። በሩ ሥር ደግሞ ባና በውጭ በኩል ተጋድሟል። ይህን ያደረገው ሰው፣ መምህሩ መድኃኒት ውጠው እንደሚተኙ ያውቃል፤ ከስድስት ተኩል በኋላ መጥቶ ስምንት ሰዓት ሳይሆን ጨርሷል፤ ምክንያቱም በስምንት ሰዓት መስኮቱ ተዘግቶ ታይቷል።»

መንገድ መሪውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ያዘችው። በመሐረብ ተሸፍኗል።

«ይህ ሰው ከመስከረም ጀምሮ ነጭ ነበር። ጌታነሽ ነጩ ሰውዬ ትለዋለች። አቶ አብዱልሀኪምና አቶ ኃይለ ኢየሱስም እንዲሁ። አለቃ አምስት ሰዓት ላይ ትተውት ሲሄዱ ነጭ ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ሣሉለት። ዛሬ ጠዋት እኔ ሳየው ግን ፊቱ ተደፍኖ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እስከ እግሩ ሥር ድረስ፣ ቡናማ የበር ቀለም ተለቅልቆ ነበር። መምህሩ በዚያ ቀለም አይሠሩም። የለቀለቀው ገዳዩ ነው። ከዚያ በኋላ ሬሳውን ያነሡት ፖሊሶች ናቸው፤ ጌታነሽም ዐይኗ ከመምህሩ ላይ አልተነሣም። ክፍሉ ወዲያው ታሸገ። እንግዲህ ይህ ሰው ቡናማ መሆኑን ሊያውቅ የሚችል ማነው?»

ወደ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ዞረች።

«ወይዘሮ አስካለ ማርያም፣ ከእሁድ ወዲህ አልገባሁም አሉኝ። ‹ባለ ቡናማ በርኖስ› ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት።»

«ሰው ነግሮኝ ይሆናል» አሉ ወይዘሮ አስካለ ማርያም።

«ማን ይንገርዎት? ያየው የለም።»

«እንግዲህ በአንድ ቃል ልታስሪኝ ነው?»

«በአንድ ቃል አይደለም።» መሐረቡን ገለጠችው። «የመምህሩ ቀለም ከደረቀ ነጭ ጋዝ አይነካውም። የበር ቀለም ግን ገና እርጥብ ነውና በጥጥ ተጠርጎ ይወጣል። ከሥሩ ያለውን አለቃና እኔ አይተናል።» ለኃይለ ኢየሱስ ሰጠችው። «ከእግሩ ሥር ያለውን ያንብቡልን።»

ኃይለ ኢየሱስ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየ።

«ወዳጆ» አለ።

አብዱልሀኪም የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

«አንድ ነገር ጠዋት ሙሉ ሲከነክነኝ ነበር» አለች ይመኙሻል። «ገዳዩ ይህን ሰው ለመሰወር ከፈለገ ለምን ቁጭ ብሎ ቀለም ይቀባል? የወይራ እንጨት ነው። ፍም የያዘ ማንደጃ እጁ ላይ ነበር። ጣል ቢያደርገው በሦስት ደቂቃ አመድ ነው። የአቶ ኃይለ ኢየሱስ እጅ ቢሆን ያቃጥለው ነበር። የማንም እጅ ቢሆን ያቃጥለው ነበር። እሳት ውስጥ ሊከተው ያልቻለ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሡ።

«አባቴን እሳት ውስጥ ልክተተው?»

«የእንጨት አባትዎን መክተት አልቻሉም። እሳቱን ግን ለወንድምዎ አስገቡለት።»

ጌታነሽ ጮኸች። አለቃ ትከሻዋን ያዟት።

«ጠራኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለ ማርያም፤ የሚያወሩት ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው ይመስላል። «ስድስት ተኩል ላይ፣ ልጅቱ እንደወጣች። ‹አስካለ፣ ለአባታችን በአምባው ላይ ቦታ አጣሁለት› አለኝ። አባታችን ቆሜበታለሁ ይል በነበረው ቦታ ሁሉ ሌላ ሰው ሞቶበታል። ስልሳ አንዱን አንድ በአንድ አቁሞ ሲጨርስ ለእሱ የቀረለት ያ የፍየል መንገድ ብቻ ሆነ። ‹አንቺ ታውቂ ነበር?› አለኝ። ዐውቅ ነበር። አባታችን ሊሞት ሲል ነግሮኛል፤ ለእኔ ብቻ። ጣልያን እናቱን ይዞበት ነበር። ምራና እንለቅልሃለን አሉት። መራቸው፤ እሷንም አለቀቁለትም።»

«የመሰከረውም እሱ ነው?» አለ አብዱልሀኪም።

«እሱ ነው። ፈራ።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር» አለ አብዱልሀኪም። «ከሱቄ ጨርቅ ሲገዙ፣ ልጆቼን ሲስሙ ያውቁ ነበር።»

«በየዓመቱ ለአያትህ ጧፍ አበራለት ነበር። ስሙን ለቄሱ ሳልነግር።»

«ጧፉ ይቅር ነበር። ለእናቴ አንድ ቃል በቃት።»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ቀና ብለው አላዩትም። «እስክሞት ድረስ ቆየኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹መዲናስ መቼ ትሰማው?› አለኝ። ከዚያ ተኛ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ዕድሜዬን የተሸከምኩትን በላዬ ላይ አፍርሶ እንደ ሕፃን ተኛ።» እጃቸውን ወደ አምባው ዘረጉ፤ ሳይነኩት መለሱት። «ቀለሙን አምጥቼ እዚህ ተቀመጥኩ። እነዚህ ሁሉ ያዩኛል። አባቴን ስቀባው ስልሳ አንዱም ያዩኛል። አልቻልኩም። አንድ በአንድ ፊታቸውን አዞርኩባቸው፤ ወደ ተኛው ወንድሜ። እሱን እዩት አልኳቸው። ከዚያ ወጥቼ ማንደጃውን አመጣሁ።»

ዳኜ ወደ በሩ አመለከታቸው። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ደጃፉ ላይ ቆመው ጌታነሽን «ሰባቱን በደንብ አውጪለት» አሏትና ወጡ።

በሚያዝያ ሃያ ሰባት ጥድ አምባ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ከተጠበቀው በላይ ነበር። ነገሩ እስከ ዓለም ከተማ ተወርቷል። ኃይለ ኢየሱስ የተዘጋጀለትን ንግግር ከኪሱ አላወጣም። የስልሳ አንዱን ስም ከሌላ ወረቀት አነበበ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ እንዲህ አለ።

«አንድ የቀረ ስም አለ። ዓብዱረህማን ይባላል። ይህን ሰው በሐሰት ምስክር የሰቀለው አያቴ ነው። ያልበደለውን ነው የሰቀለው። ከዛሬ ጀምሮ ልጁን የመንገድ መሪ ልጅ የሚል ሰው እኔን ነው የሚሰድበው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ቀስ በቀስ ሌሎችም አወለቁ።

መዲና ከፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ዐይኗ ፈዟል፤ ከቆላ ስትወጣ ብርዱ ስለጎዳት አብዱልሀኪም ካፖርቱን ደርቦላታል። ንግግሩ ሲያልቅ እጇን ወደ ድምፁ ዘረጋች።

«ዛፉ የቱ ነው ልጄ?» አለች።

ኃይለ ኢየሱስ አያውቀውም ነበር። እኒያ ሽማግሌ ቀረቡና ዛፉ ከተቆረጠ ዘመን እንዳለፈው፣ ቦታው አሁን የገብስ ማሳ እንደሆነ ነገሩት። አሮጊቷን በአንድ በኩል ልጇ፣ በሌላው በኩል ኃይለ ኢየሱስ ደግፈዋት፣ ቡቃያው መካከል ቀስ ብለው ወሰዷት። ኢንስፔክተር ይመኙሻል ከመንገዱ ዳር ሆና ታያቸው ነበር።

ሽማግሌው «እዚህ ላይ ነው» ሲሉ መዲና መሬት ላይ ተቀመጠች። አፈሩን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ የቆሙትን ሁሉ በእጇ ወደ ኋላ ገፋ አደረገቻቸው።

«እናንተ እስቲ ራቅ በሉልን» አለች። «ከአባቴ ጋር ገና አልተዋወቅንም።»